የተሽከርካሪ ጉዳት ግምት ሥራን ማፋጠን፦ በወሎ መስመር ለሚሠሩ ጉዳት ገማቾችና የካሳ ክፍል ኃላፊዎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የገማቹ ቀን የሚያልቀው በምንድን ነው?

ብዙ ኃላፊዎች ገማቹ መኪና አይቶ ለመጻፍ ጊዜ የሚፈጅበት ይመስላቸዋል። አንዲት ቪትዝ የፊት ጉዳት ደርሶባት በደንብ ለማየትና ለመመዝገብ ግን ከ40 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይበቃል። ቀኑን የሚበላው አንዴ የታየ ፋይል ተመልሶ መከፈቱ ነው። ከደሴ ወልድያ ወደ 120 ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ መንገዱ ሰላም ከሆነ ደርሶ መልስ አምስት ስድስት ሰዓት ነው። ገማቹ ፓራውልቱ (የመኪናው የግጭት መከላከያ) ሳይፈታ አይቶ ተመልሶ፣ በሦስተኛው ቀን ጋራዡ «ራዲያተሩም ተሰብሯል፣ የራዲያተሩ ማቀፊያም ተጣሟል» ብሎ ሲደውል፣ ለሃያ ደቂቃ ሥራ ሌላ ሙሉ ቀን ይሄዳል። ደንበኛው ደግሞ መኪናው ቆሞ የቀን ገቢው ይቀርበታል።

ስለዚህ እዚህ ገጽ ላይ የሰፈረው ሁሉ የሚያነጣጥረው ሁለተኛውን ጉዞ ማስቀረት ላይ ነው። በቀን የሚታየውን መኪና ቁጥር ማብዛት ከዚያ በኋላ በራሱ ይመጣል።

አደጋው እንደተነገረን በመጀመሪያው ስልክ ምን እንጠይቅ?

ከሁሉ በፊት የሰው ጉዳት መኖሩን፣ ቀጥሎ መኪናው አሁን የት እንዳለ። ከዚያ የውሉ ዓይነት ይታይ። ዋስትናው የሦስተኛ ወገን ብቻ ከሆነ፣ አዋጅ ቁጥር 799/2005 የሚያስገድደው ሽፋን በሌላ ሰው ላይ ለደረሰ ጉዳት ነው፤ የራሱን የባለ ዋስትናውን መኪና ለመገመት ባቲ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። ይህን ሳያጣሩ መንገድ መውጣት በየቅርንጫፉ የሚታይ ብክነት ነው። ውሉ የጸና መሆኑ፣ የሾፌሩ መንጃ ፈቃድ ከተሽከርካሪው ዓይነት ጋር መግጠሙ፣ ሊብሬው፣ ቦሎው፣ መኪናው በውሉ ለተጻፈው አገልግሎት ይሠራ እንደነበር፣ እነዚህ ሁሉ ቢሮ ቁጭ ተብሎ የሚጣሩ ናቸው።

ሌላው የመጀመሪያው ስልክ ጥቅም ጉዳቱ እንዳይጨምር ማድረግ ነው። ከፊት የተመታ መኪና ራዲያተሩ ተቀዶ ውኃው ፈሶ ሳለ ሾፌሩ «ጋራዥ ድረስ ላድርሰው» ብሎ ያስነሣዋል። አምስት ኪሎ ሜትር ሳይሄድ ሞተሩ ይግላል፣ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ይጣመማል፣ ከሥሩ ያለው ማሸጊያ ጋርኒሲዮኑ ይበላል። ይህ በግጭቱ የመጣ ሳይሆን ከግጭቱ በኋላ በመንዳት የመጣ ስለሆነ ብዙ ውሎች አይከፍሉትም፤ ጭቅጭቁ ብቻውን ፋይሉን ለወር ያቆየዋል። ስልኩን ያነሣው ሰው እንዲህ ይበል፦ «ጋሼ፣ አብሽሩ፣ መኪናው ይታያል። ሞተሩን ግን እንዳያስነሡት፣ ማንም እንዳይፈታው፤ የሚጎትት መኪና ይፈለግና ደረሰኙን ያስቀምጡ።» ይህች አንድ ዓረፍተ ነገር የምታስቀረው ወጪ ከገማቹ የወር አበል ይበልጣል።

የትኛው ጉዳት በፎቶ ብቻ ይለቅ? የትኛውስ በአካል ይታይ?

በፎቶ ሊያልቅ የሚችለው መኪናው በራሱ የሚሄድ፣ ኤርባግ ያልፈነዳ፣ የሚፈስ ዘይትም ውኃም የሌለ፣ ጉዳቱ ስፖኪዮ፣ ፍሬቻ፣ የኋላ መብራት፣ መስታወት ወይም አንድ በር ላይ የተወሰነ ሲሆን ነው። ፓራውልት ሲሆን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ፕላስቲኩ ተመትቶ ወደ ቦታው ሲመለስ ከኋላው ያለው ብረት ተጣሞ እንደሆን አያሳይም። ፓራውልቱ ተመትቶ የኮፈኑ ክፍተት በግራና በቀኝ እኩል ካልሆነ በአካል ይታይ።

በአካል መታየት ያለበት ሻንሲ፣ መሪ፣ የእግር ክፍል (ጎማውን የሚይዙት ብረቶች) ወይም ኤርባግ የነካ ሁሉ፣ የተገለበጠ ሁሉ፣ ውኃ የገባበት ሁሉ፣ ሦስተኛ ወገን ያለበትና ጥፋተኛው የሚያከራክር፣ እንዲሁም የተነገረው ታሪክና ፎቶው የማይገጥሙበት ነው። የጭነት መኪና ጋቢና ከተነካም በፎቶ አይወሰንም።

ደንበኛው ፎቶ እንዴት ያንሣልን?

አብዛኛው የሚላከው ፎቶ የማይጠቅመው ደንበኛው የተሰበረውን ቦታ ብቻ በጣም ቀርቦ ስለሚያነሣ ነው። የማን በር እንደሆነ እንኳ አይታወቅም። የሚያስፈልገው ይህ ነው፦ ከአራቱ ማዕዘን በሰያፍ አራት ፎቶ፣ ታርጋው፣ የሻንሲ ቁጥሩ፣ የነዳጅ ሽታ ከሌለ ቁልፉ ተከፍቶ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውና የበራው መብራት ሁሉ የሚታይበት አንድ፤ ከዚያ ለእያንዳንዱ ጉዳት ሁለት ሁለት። አንዱ ከሦስት እርምጃ ርቀት ሙሉውን ክፍል፣ ሁለተኛው ቀረብ ብሎ አጠገቡ የክብሪት ሳጥን ተይዞ። ክብሪቱ መጠኑን ያሳያል፤ «ትንሽ ጭረት» የተባለው መዳፍ ያህል ስርጉድ መሆኑ በዚያ ይለያል። ሌላ መኪና ካለም ታርጋውና የተመታው ቦታ ይነሣ።

በቴሌግራም ሲላክ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላክ። እንደ ፎቶ ሲላክ መተግበሪያው ይጨምቀዋል፣ የተነሣበትን ቀንና ሰዓትም ያጠፋዋል፤ እንደ ፋይል ሲላክ ጥራቱም ቀኑም እንዳለ ይቆያል። ይህን መመሪያ በአማርኛ በአጭር ጽፎ ከሁለት ናሙና ፎቶ ጋር ማዘጋጀትና ደንበኛው በደወለ ቁጥር መላክ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው፤ ከዚያ በኋላ በየቀኑ ስልክ ያስቀራል።

ክረምት ላይ አንድ ነገር ይታወስ። ሐምሌና ነሐሴ ደሴ ላይ ጭጋግ ይውላል። እርጥብ ላሜራ ላይ ስርጉድ አይታይም፤ ውኃው ያብለጨልጫል፣ ስርጉዱን ይደብቀዋል። መኪናው በደረቅ ጨርቅ ይወልወል፣ ጭጋጉ ገለል እስኪል ይጠበቅ ወይም መጠለያ ውስጥ ይግባ።

ጉዞን እንዴት እናደራጅ?

በመስመር። ከደሴ የሚነሣ ገማች ፋይሎቹን በሐይቅ፣ ውርጌሳ፣ መርሳ፣ ወልድያ፣ ቆቦ መስመር፣ በኮምቦልቻ፣ ባቲ መስመር፣ በሐርቡ፣ ከሚሴ መስመር፣ እንዲሁም በአቀስታ፣ መካነ ሰላም መስመር ይለያቸው። ለየመስመሩ ቋሚ ቀን ይመደብና ለደንበኛውም ለጋራዡም በግልጽ ይነገር። ሰው «ረቡዕ ይመጣሉ» ሲባል መታገስ ይችላል፤ «ሰሞኑን እንመጣለን» ሲባል ግን በቀን ሦስቴ ይደውላል። መካነ ሰላምን ከባቲ ጋር በአንድ ቀን የጻፈ ዕቅድ ግን ከወረቀት አያልፍም።

ባቲ በሰኞ ገበያዋ ቀን አይኬድ፤ መኪናው ያለበት ቦታ መድረስም፣ ደንበኛውን ማግኘትም ይከብዳል። የረጅም መስመር ጉዞ በዋዜማው ከሾፌሮችና ከመናኸሪያ መንገዱ ክፍት መሆኑን ተጠይቆ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ተነሥቶ፣ ሳይመሽ መግባት ነው። ኔትወርክ በሌለበት ቦታ ሥራ እንዳይቆም የጉዳት ዝርዝር ቅጹ በወረቀትም ይያዝ፣ የውሉ ገጽና ሊብሬው ከመነሣት በፊት ስልክ ላይ ይውረድ።

ወደ መስመሩ ከመውጣት አንድ ቀን ቀድሞ ለየጋራዡ ይደወል። የሚጠየቀው አንድ ነገር ነው፦ «መኪናው ተፈትቶ ይጠብቀን ወይ?»

ተፈትቶ መጠበቅ ማለት ምን ማለት ነው?

ከፊት የተመታ ከሆነ ፓራውልቱ፣ የፊት መብራቶቹ፣ በተመታው በኩል ያለው የፓራፋንጎ (ከጎማው በላይ ያለው ላሜራ) ውስጥ ፕላስቲክ ይወርዳሉ። ከኋላ የተመታ ከሆነ የኋላ ፓራውልት፣ የሻንጣው ምንጣፍና ተጠባባቂ ጎማው ይነሣል። በር ከሆነ የውስጥ ልባሱ። ከዚያ በላይ አይፈታ። ከመፈታቱ በፊት መኪናው እንዳለ ፎቶ መነሣት አለበት፤ የወረዱት ዕቃዎችና ብሎኖች በአንድ ካርቶን ይቀመጡ፣ ባለ ንብረቱም ይፍቀድ።

እዚህ ላይ መሥሪያ ቤቶች የሚሳሳቱት የመፍቻውን ዋጋ አስቀድመው ስለማይስማሙ ነው። ጋራዡ «ሥራው ለሌላ ከተሰጠ ማን ይከፍለኛል?» ይላል፣ ልክም ነው። ለየክፍሉ አነስተኛ የመፍቻ ዋጋ በጽሑፍ ከጋራዦች ጋር ተወስኖ፣ ሥራው ለሌላ ካለፈ መሥሪያ ቤቱ ይክፈል፤ ለእሱ ከተሰጠ ከእጅ ዋጋው ይታሰብ። የመፍቻው ክፍያ ከአንድ ተጨማሪ የወልድያ ጉዞ ነዳጅና አበል ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው።

መኪናው ጋ ሲደረስ በምን ቅደም ተከተል ይታይ?

መጀመሪያ ማንነቱ። የሻንሲ ቁጥር በዓይን ተነብቦ ከሊብሬውና ከውሉ ጋር ይመሳከር። ይህ ሳይደረግ የተጻፈ ግምት ዋጋ የለውም።

ቀጥሎ ካልተመታው ማዕዘን ተጀምሮ መኪናው አንዴ ይዞር። ወደ ጉዳቱ በቀጥታ የሄደ ዓይን በሌላ በኩል ያለውን ያልፈዋል። በዙሩ ላይ የበሮቹ፣ የኮፈኑና የሻንጣው ክፍተት በግራና በቀኝ ይነጻጸር፤ በሮቹ ተከፍተው ይዘጉ። የፊት በር ከላይ በኩል ክፍተቱ ጠብቦ ከታች ከሰፋ ኃይሉ በሩን እስከያዘው ቋሚ ምሰሶ ደርሷል ማለት ነው።

ከዚያ የኃይሉን መንገድ መከተል። ከፊት ለፊት የመጣ ምት ከፓራውልቱ ወደ ኋላው ብረት፣ ከብረቱ ወደ ራዲያተር ማቀፊያ፣ ወደ ኤሲው ኮንደንሰር፣ ወደ ራዲያተሩ፣ ወደ ማራገቢያው፣ ከዚያ በግራና በቀኝ ወዳሉት የሻንሲ ጫፎች ይሄዳል። በዚሁ ቅደም ተከተል እየተነኩ ይታዩ። የሻንሲ ጫፍ የተነካ መሆኑን የሚናገሩት ትንንሽ ምልክቶች ናቸው፤ በብየዳ መጋጠሚያው ላይ ያለው ማሸጊያ ተሰንጥቋል፣ ቀለሙ እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቋል፣ ቀጥ ያለው ብረት ላይ የአኮርዲዮን ዓይነት እጥፋት አለ። ጣት ሲሄድበት ከዓይን ቀድሞ ያገኘዋል።

ጥርጣሬ ካለ በሜትር ሰያፍ ልኬት ይወሰድ። በሻንሲው ላይ በግራና በቀኝ ተመሳሳይ የሆኑ አራት ቀዳዳዎች ይመረጡና ከፊት ግራ ወደ ኋላ ቀኝ፣ ከፊት ቀኝ ወደ ኋላ ግራ ይለካ። አምራቾች የሚፈቅዱት ልዩነት ብዙውን ጊዜ 3 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። በተራ ሜትር የእጅ ስሕተት ስለሚኖር፣ ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ከተለየ መኪናው የሻንሲ ማቃኛ ወዳለው ጋራዥ ሄዶ ይለካ ተብሎ ይጻፍ። ልኬቱ ራሱ፣ የትኛው ቀዳዳ እንደሆነ ከፎቶ ጋር፣ ፋይሉ ውስጥ ይቀመጥ። መሪውን ቀጥ አድርጎ በሁለቱም በኩል ከፊት ጎማ መሐል እስከ ኋላ ጎማ መሐል መለካትም ይረዳል፤ ጎልቶ ከተለየ እግሩ ወደ ኋላ ተገፍቷል።

በክሪክ ተነሥቶ ከሥር ሳይታይ አይለቅ። ኮፓው (የሞተር ዘይት መያዣው)፣ የመሪ ዘንጎች፣ የቸርኬው (ጎማው የሚገጠምበት ብረት) ጠርዝ። ለደኅንነት መኪናው በክሪክ ብቻ ቆሞ ማንም ከሥር አይግባ፤ መደገፊያ ይደረግ።

በመጨረሻ ውስጡ፦ የኤርባግ መብራት፣ የደኅንነት ቀበቶው መሳብና መመለሱ፣ የወንበሩ መቆለፊያ።

የጉዳት ዝርዝሩ ላይ ዘወትር የሚረሱት ምንድን ናቸው?

ትንንሾቹ። የፓራውልት ክሊፖች፣ የመብራት ማሰሪያ፣ የኤሲ ጋዝ፣ የራዲያተር ውኃ፣ የጎማ አላይመንት፣ እንዲሁም ለሚያብረቀርቅ ቀለም ከጎኑ ያለውን ክፍል አብሮ በመቀባት ቀለሙን ማቀላቀል። አዲስ የተቀባ በር ካልተቀላቀለ አጠገቡ ካለው ጋር ፀሐይ ላይ ይለያል፤ ደንበኛው መኪናውን አልረከብም ይላል፣ ፋይሉም እንደገና ይከፈታል።

ግራና ቀኝ የሚባለው ሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጦ ወደ ፊት ሲያይ ነው። ገማቹ ከፊት ቆሞ ሲጽፍ ይገለባበጥበታል፤ ከአዲስ አበባ የመጣ የተሳሳተ መብራት ተመልሶ እስኪቀየር ሳምንት ያልፋል። የቪትዝና የያሪስ ነገርም እንዲሁ ነው፤ አንድ መኪና በየገበያው ሁለት ስም ቢኖረውም ሁሉም ዕቃ አይገጥምም። የተሰበረው ዕቃ ጀርባ ላይ ያለው ቁጥር ፎቶ ይነሣና ከሻንሲ ቁጥሩ ጋር ለሻጩ ይላክ።

ይጠገን ወይስ ይቀየር የሚለው በምን ይወሰን?

ለብረት አንድ ቀላል መለያ አለ። ቅርጹ በቀስታ የጎበጠ ይቃናል፤ ስል ብሎ የታጠፈ፣ ሲመለስ የሚሰነጠቅ ወይም ቋሚ መስመር የሚተው ይቀየራል። ምሰሶና የሻንሲ ጫፍ የሚሠሩባቸው ጠንካራ ብረቶች በእሳት ሲሞቁ ጥንካሬያቸውን ያጣሉ፤ «በእሳት እናቃናዋለን» የሚል ሐሳብ መቀበል የለበትም፣ ርካሽ ቢሆንም። በሚቀጥለው ግጭት ሰው የሚያድነው ያ ብረት ነው።

ኮፈን፣ ፓራፋንጎና በር ግን ከሚገባው በላይ ይቀየራሉ። ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ጥሩ እጅ ያላቸው ቀጥቃጮች አሉ፤ ቀጥቅጠው ስቱኮው (ከቀለም በፊት የሚለጠፈው መሙያ) ከ2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር በማይበልጥ ስስ ሽፋን የሚጨርሱ። ስቱኮ ሲወፍር ይሰነጠቃል። ርክክብ ላይ ትንሽ ማግኔት በቀጭን ጨርቅ ጠቅልሎ መለጠፍ ነው፤ ካልያዘ ወፍራም ስቱኮ አለ።

የድሮውን ጉዳት ከአዲሱ እንዴት እንለይ?

ዝገትን ብቻ ማስረጃ አታድርጉ። በክረምት ደሴ ላይ ቀለሙ የተላጠ ብረት በአንድ ሌሊት ብርቱካንማ ይለብሳል፤ ይህ በጣት ሲታበስ ይለቃል። የድሮው ዝገት ቡናማ ነው፣ ቅርፊት ሠርቶ ከቀለሙ ጠርዝ ሥር ገብቶ ቀለሙን ያነሣዋል። በዚህ አለማወቅ ሐቀኛ ደንበኛ ሐሰተኛ ተብሎ ተከሶ ያውቃል፤ እንዲህ ያለ ነገር መሥሪያ ቤቱን ከከተማው ሰው ጋር ያቀያይማል።

የሚያስተማምነው ከፍታን ማነጻጸር ነው። በተመታው ቦታ የጉዳቱ የታችና የላይ ጫፍ ከመሬት ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሆነ ይለካ፣ መታ ከተባለው መኪና ፓራውልት ጋር ይነጻጸር፣ ከአንዱ ወደ ሌላው የተላለፈ ቀለም መኖሩ ይታይ። ጭረቱ የሚሄድበት አቅጣጫ ከተነገረው ታሪክ ጋር ይግጠም። ካልገጠመ በትሕትና ይጠየቅ እንጂ አይወንጀል፤ ሰው በድንጋጤ ውስጥ ሆኖ ያየውን ያምታታል።

በሐረጎ ቁልቁለት ፍሬን ጠፋብኝ የሚል የጭነት መኪና ሲመጣስ?

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ ርቀት ከ2,400 ሜትር በላይ ካለ ከፍታ ወደ 1,900 ሜትር አካባቢ ያወርዳል። ጭነት የያዘ አይሱዙ ወይም ሲኖትራክ በከፍተኛ ማርሽ ሆኖ ፍሬን እየረገጠ ሲወርድ ታምቡሩ (ከጎማው ጋር የሚዞረው የፍሬን ከበሮ) ይግላል፣ እሱን የሚይዘው የፍሬን ሸራ መያዝ ያቆማል። እዚህ የሚነሣው ጥያቄ ጉዳቱ በድንገት የደረሰ ነው ወይስ ከአያያዝ ጉድለት የመጣ የሚል ነው። መልሱ ያለው እግሩ ውስጥ ነው፣ ስለዚህ ማንም ከመፍታቱ በፊት ቀድሞ መድረስ ያስፈልጋል።

ታምቡሩ ሲወልቅ ውስጡ ሰማያዊ ወይም ወይን ጠጅ የሚመስል ቀለም ከያዘ በጣም ግሏል። ሸራው እንደ መስታወት ካብለጨለጨ ያው ነው። ሸራው እስከ ብሎኑ ራስ ካለቀ ወይም ዘይት ከጠጣ ግን የቆየ የጥገና ጉድለት አለ። የሁሉም እግር ሸራ ውፍረት ይለካ፤ አንዱ እግር ብቻ ሰማያዊ ሆኖ ሌሎቹ ካልጋሉ ሌሎቹ ቀድሞም ሳይሠሩ ቀርተው ሊሆን ይችላል። የአየር ቱቦዎቹ፣ የአየር ገንዳው ውኃ፣ ማርሹ የገባበት ቦታ በፎቶ ይያዝ። የጭነቱ የሚዛን ወረቀት ከትራንዚቱ (ከዕቃ አስተላላፊው) ይጠየቅ። የተፈቱት ሸራዎች ውሳኔ እስኪሰጥ ታሽገው ይቀመጡ። ያለቀ ሸራ መክፈል ሌላ፣ በግጭቱ የተጎዳውን ጋቢና መክፈል ሌላ መሆኑን በሪፖርቱ ለይቶ መጻፍ የብዙ ወር ክርክር ያሳጥራል።

ፕሮፎርማ ለማሰባሰብ የሚሄደው ጊዜ እንዴት ይቀነስ?

የዕቃ ዋጋ ዝርዝር በማዘጋጀት። በአካባቢው በብዛት ለሚመጡ መኪኖች፣ ማለትም ቪትዝ፣ ኮሮላ፣ ሃይሉክስ፣ ሚኒባስ፣ አይሱዙ ኤንፒአር፣ ሲኖትራክ፣ ለእያንዳንዱ ዘወትር የሚሰበሩ ሃያ ያህል ዕቃዎች ተጽፈው፣ ከደሴ ሻጮችና ከአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ ሶማሌ ተራ ዋጋ በየሁለት ሳምንቱ ይታደስ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ መወሰን ስለ ጀመረ የወር ዕድሜ ያለው ፕሮፎርማ ብዙ ጊዜ አይጸናም። ሻጩ ዋጋው የሚጸናበትን ቀን እንዲጽፍ ይደረግ፤ ያ ቀን ሳያልፍ ውሳኔ ይሰጥ። ሦስት ፕሮፎርማ ሲጠበቅ ዋጋው ጨምሮ እንደገና ከዜሮ መጀመር ጥንቃቄ አይደለም።

ጋራዦች እንዲጫረቱ ሲደረግም የተሟላ አንድ ዓይነት ዝርዝር ለሁሉም ይሰጥ። አንዱ ቀለምን ጨምሮ፣ አንዱ ሳይጨምር ከሰጠ ማወዳደር አይቻልም።

መኪናው ከገበያ ዋጋው በታች ዋስትና የተገባለት ከሆነስ?

ይህ አሁን በየፋይሉ ይገጥማል፤ የመኪና ዋጋ ሲወጣ ውሉ በድሮው ዋጋ እየታደሰ ነው። ሌላ ስምምነት ከሌለ ደንበኛው ለጎደለው መጠን ራሱ እንደ መድን ሰጪ ይቆጠራል። ለምሳሌ በ900,000 ብር ዋስትና የተገባለት መኪና በአደጋው ጊዜ ገበያው 1,500,000 ከሆነ፣ የተሸፈነው 60 ከመቶ ነው። ጥገናው 200,000 ብር ቢሆን ክፍያው 120,000 ይሆናል፤ ተቀናሹ (ደንበኛው ራሱ የሚሸፍነው ድርሻ) እንደ ውሉ ይታሰባል። ደንበኛው ይህን የሚሰማው ቼክ ሲቀበል ከሆነ ይቆጣል፣ አቤት ይላል። ገማቹ የገበያ ዋጋውን በመጀመሪያው ጉብኝት ቀን ይመዝግብና ስሌቱን ጥገና ሳይጀመር ለባለ መኪናው ያስረዳ፤ የቀረውን ገንዘብ ለጋራዡ ማን እንደሚከፍልም በጽሑፍ ይያዝ።

ባጃጅስ?

ፎቶ ይበቃዋል፣ የፊት ሹካው፣ የመሪው ሥርና የወለሉ ብረት ካልተነካ። ከሦስቱ አንዱ ከተነካ ባጃጁ ቀጥ ባለ መሬት ላይ ሲገፋ ወደ አንድ ወገን ይሄዳል፤ ያንን በአጭር ቪዲዮ ማስላክ ይቻላል።

የኤሌክትሪክ መኪና ሲመታ?

ቤንዚንና ናፍጣ የቤት መኪና ማስገባት በ2016 ከተከለከለ ወዲህ ኤሌክትሪኮቹ በወሎ መንገድ ላይም ይታያሉ። ዋናው ባትሪ ከወለሉ ሥር ነው፤ ድንጋይ ላይ የወጣ ወይም ቦይ የገባ መኪና ላዩ ደህና ሆኖ ሥሩ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። የባትሪው ሣጥን ከተሰረጎደ፣ ከተቀደደ፣ ከሸተተ፣ ከጨሰ ወይም ሲሲሲ የሚል ድምፅ ካለው ማንም አይቅረበው። የተጎዳ ባትሪ ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላም ሊነድ ስለሚችል ከሌሎች መኪኖችና ከቤት 15 ሜትር ያህል ርቆ ሜዳ ላይ ይቁም። ብርቱካንማ ሽቦ ከፍተኛ ኤሌክትሪክ ይዟል፤ የሠለጠነ ባለሙያ ሳያጠፋው አይነካ። እዚህ ሁለተኛ ጉዞ ቢኖርም ይኑር።

የገማቹን ሥራ በምን እንለካ?

በቀን ባየው መኪና ብዛት ከተለካ ገማቹ ፓራውልት ሳያስፈታ ያልፋል፤ ቁጥሩ ያምራል፣ ተመላሽ ፋይሉ ይከመራል። ሦስት ነገር ይያዝ፦ አደጋው ከተነገረበት እስከ ታየበት ስንት ቀን ፈጀ፣ ከመቶ ፋይል ስንቱ ሁለተኛ ጉብኝት ወይም ተጨማሪ የጉዳት ዝርዝር ጠየቀ፣ የጥገና ትእዛዙ ከጉብኝቱ በስንት ቀን ወጣ። ተመላሽ የሆነ ፋይል ሁሉ ሽፋኑ ላይ ምክንያቱ በአንድ ሁለት ቃል ይጻፍ፤ «አልተፈታም»፣ «ግራ ቀኝ»፣ «ሊብሬ ጎደለ»፣ «ፕሮፎርማ አለፈበት»። በወሩ መጨረሻ እነዚህ ሲቆጠሩ የትኛው ቀዳዳ መደፈን እንዳለበት ይታያል፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የገማቹ ሳይሆን ሰነድ ሳያሟሉ መንገድ የላኩት ሰዎች ሆኖ ይገኛል።

የተቀየሩት ዕቃዎች መቼ ይረከቡ?

መኪናው ከጋራዥ ሲወጣ፣ በዚያው የመጨረሻ ጉብኝት። የጉዳት ዝርዝሩ ቅጂ ተይዞ ተራ በተራ ይመሳከር፤ ተቀየረ የተባለ ራዲያተር አሮጌው ከሌለ ክፍያው ይቆይ። ጋራዡ ሩቅ ከሆነ አሮጌዎቹ ዕቃዎች ታርጋውና የፋይል ቁጥሩ በቀለም ተጽፎባቸው ለሚቀጥለው የመስመር ቀን ይቀመጡ።